ቀንዱ ዝምታውን እንዳይረብሽ

ተቀመጡ፣ ድንጋዩ ለሁላችንም ይበቃል። ወደ ጫፉ ግን አትጠጉ፣ ያንሸራትታል። ያ ከሐይቁ ዳር የምታዩት ነጭ ነገር ጉም እንዳይመስላችሁ፤ ጭስ ነው። የትርዒቱ ጽሕፈት ቤት ጠዋት ጠዋት እርጥብ ገለባ ያስነድዳል። ፎቶ አንሱት፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ አፍንጫችሁ ግን እውነቱን ይነግራችኋል። "ይቺ ከተማ እንዴት እንዲህ ታወቀች?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ትርዒቱ እስኪጀመር እነግራችኋለሁ። እስክጨርስ ግን ታገሡኝ፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው ሁሉን ሰምቶ ግማሹን ጽፎ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው።

እኔ ጠሪ ነኝ። አባቴም ጠሪ ነበር፣ የአባቴም አባት። ጠሪ ማለት ጉም ሲወርድ እዚህ ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀንድ የሚነፋ ሰው ነው፤ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም። ሐይቃችን እንደምታዩት ተራራ ዙሪያውን ከቦታል። ጉም ከተራራው ሲወርድ ታንኳ ላይ ያለ ሰው የመቅዘፊያውን ጫፍ እንኳን አያይም። ያን ጊዜ እኔ እነፋለሁ። እሱ ይሰማና "አለሁ!" ይላል። ድምፁ ከወዴት እንደመጣ አዳምጬ ወደ ቀኝ ይምጣ ካልኩ አንድ ጊዜ፣ ወደ ግራ ካልኩ ሁለት ጊዜ እነፋለታለሁ። እንዲህ እየተባባልን ዳር ይደርሳል።

ችግሩ ተራሮቹ ናቸው። የሰሙትን ሁሉ ይደግማሉ። አንዲት ሴት በርበሬ ብትወቅጥ ሙቀጫው ከአራት ቦታ ይሰማል። አንድ አህያ ቢያናፋ አራት አህያ ነው። የቀንዱንም ድምፅ ይደግሙታል፤ ግን ሌላ ነገር ካልተቀላቀለበት ፊተኛውን ከኋለኛው መለየት ዓሣ አጥማጅ ገና በልጅነቱ የሚማረው ነው። ሌላ ድምፅ ከገባበት ሰውየው ወደ ገደሉ ይቀዝፋል። ከአባቴ ዘመን በፊት እንደዚያ ያለቁ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከተማችን አንድ ልማድ ነበራት። የመጀመሪያው ቀንድ ሲሰማ ሰው ሁሉ መዳፉን አፉ ላይ ያደርጋል። ሰማሁ ማለት ነው። ከዚያ የመጨረሻው ታንኳ እስኪገባ ድረስ ትንፍሽ የሚል የለም። ቀጥቃጩ መዶሻውን እንዳነሳ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እናት የሕፃኗን አፍ በመዳፏ ትሸፍናለች። አንድ ጊዜ ዳኛው አንዱን ዶሮ ሌባ "አንድ ዓመት ከ..." እንዳሉት ቀንዱ ተነፋ፤ ሌባው የቀረውን ሳይሰማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሟል። ታንኳዎቹ ሲገቡ ዳኛው ያሰቡትን ረስተውት "በል ሂድ" አሉት። ማንም አልተከራከረም፤ ሌባውም ቢሆን ሁለት ሰዓት ዝም ብሏላ።

ይኸው ነው። ዝም የምንለው ፈላስፋ ሆነን አይደለም። ሐይቅ ላይ ሰው ስላለን ነው።

እኔም ሐይቅ ላይ ሰው አለኝ፤ ወንድሜ አዝመራው። አሥራ አንድ ዓመት እበልጠዋለሁ። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ጀርባዬ ላይ ያላደረገው ነገር የለም። ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ምክር አይሰማም። "አለሁ" ሲል መጨረሻዋን ትንሽ ይስባታል፤ ከሃምሳ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

እንግዲህ አንድ ቀን አንድ እንግዳ መጣ። ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ መኪናው ተበላሽቶበት ነው። ገበያው መሃል ሲደርስ ጉም ወርዷል፣ እኔም ነፍቻለሁ። ሦስት መቶ ሰው መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። ዳቦ ሻጯን ምን እንደተፈጠረ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት በዱቄት እጇ አፉን ከደነችው። ሰውዬው አለቀሰ። እንዴት እንዳለቀሰ ልነግራችሁ አልችልም፤ እንባው ከዱቄቱ ጋር ተለውሶ አገጩ ላይ ሊጥ ሆነ። በኋላ እኔ ጋ መጣ። ምን አለፋችሁ፣ ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ቀኝ አንድ፣ ግራ ሁለት። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በሦስት ወሩ ጽሑፉ ደረሰን፤ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ጮክ ብሎ አነበበልን። "ደመና ሲወርድ እጁን አፉ ላይ ጭኖ የሚደነቅ ሕዝብ" ይላል። ስለ ዓሣ አንድ ቃል የለም። ስለ ታንኳ የለም። ስለ እኔ "አንድ ሽማግሌ በቀንድ ጥንታዊ ዜማ ይጫወታል" ይላል። ዜማ! ቀኝ አንድ፣ ግራ ሁለት፣ ምን ዜማ አለው? ደግሞ ያን ጊዜ ሽማግሌ አልነበርኩም።

እንግዶች መምጣት ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ጉም ሲወርድ እኛን እያዩ ዝም ይላሉ፤ ታንኳ ሲገባ ያጨበጭባሉ፤ ዓሣ ይበላሉ። ግን ጉም ቀጠሮ የለውም። አንዳንዱ እንግዳ አራት ቀን ተቀምጦ ፀሐይ ብቻ ሲያይ ይከፋዋል። አንዲት ሴትዮ እዚሁ ድንጋይ ላይ መጥታ "ነገ ጠዋት መሄዴ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ሊያደርጉልኝ ይችላሉ?" አለችኝ። "ምኑን?" አልኳት። "ዝምታውን" አለች።

ቅሬታው በዛ። በዛና የአገሩ የበላይ አካል "የዝምታ ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት" የሚባል አቋቁሞ ኃላፊ ላከልን። ኃላፊው የኛው ልጅ ጌጡ ነው፤ የእትዬ ትርንጎ ልጅ። ተምሮ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ የኔ አባት በቀንድ ሁለት ጊዜ ከጉም ውስጥ አውጥቷቸዋል። እኔም "ጎሽ፣ የሚያውቅ ሰው መጣልን" ብዬ ጠላ አስጠምቄ ተቀበልኩት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ!

ጌጡ በመጀመሪያው ሳምንት ዝምታውን በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ አደረገው። ጉም ካለ አለ፤ ከሌለ ገለባ አለ። በሁለተኛው ሳምንት እንግዶች ሰዓቱ እንዳያልፋቸው አራት የድምፅ ማጉያ በአራቱ ተራራ ግርጌ አስተከለ። "ክቡራን እንግዶቻችን፣ ዝምታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል" ይላል። ቀጥሎ "አምስት ደቂቃ ቀርቶታል" ይላል። ተራሮቹም ይደግሙታል። ዝምታው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ "አሁን የምትሰሙት ዝምታ ጥንታዊ ዝምታ ነው" እያለ ያብራራል። ከዝምታው በፊት ሰው እንዳይሰለች ከበሮ መቺዎች መጡ፤ ማሟሟቂያ ይባላል። የሚያወራ እንግዳ ቢኖር የሚቆጣጠሩ ዝምታ አስከባሪዎች ተቀጠሩ፤ ያወራ ሰው ባዩ ቁጥር ፊሽካ ይነፋሉ። ከተማው መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ፦ "ዝም አይነቅዝም"። ከሰሌዳው ሥር ለሰሌዳው መብራት የሚሰጥ ጄኔሬተር ቀኑን ሙሉ ያጓራል።

ይህን ሁሉ ቻልኩ። ትዕግሥቴ ያለቀው በቀንዱ ነው።

ጌጡ እዚህ መጣ፤ እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ላይ ቆመ፤ ጫማው ይጮኻል። "ጋሼ" አለኝ፣ "እንግዶች አስተያየት መስጫው ላይ ጽፈዋል። ቀንዱ ዝምታውን ይረብሻል።"

"ዝምታው'ኮ ለቀንዱ ነው!" አልኩት።

"ይገባኛል። እኔም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ።"

"ከገባህ ታዲያ?"

"መግባትና ፕሮግራም ይለያያል ጋሼ። ደግሞ ቀንዱን አልከለከልንም። በጥሩ ጥራት ይቀረጻል፤ በአራቱም ማጉያ ለስለስ ብሎ ይለቀቃል። እርስዎ ልብሱን ለብሰው ይዘው ይቆማሉ።"

"የምን ልብስ?"

"አሰፍተናል" አለ።

"አንተ ልጅ" አልኩት፣ "በአራት ወገን ቀንድ ከተነፋ ጉም ውስጥ ያለ ሰው ወደየትኛው ይምጣ? አባትህን አስብ እስቲ!"

አንገቱን ደፋ፤ እውነት አስቦ ነበር። ከዚያ "ስጋትዎን በጽሑፍ ያስገቡ" ብሎኝ ወረደ። በጽሑፍ አስገባሁ። በአሥራ አምስት ቀኑ መልስ መጣልኝ፤ ማኅተም አለው፦ "ያቀረቡትን ሐሳብ በዝምታ ተቀብለነዋል።"

ወንድሜም ያን ጊዜ ችግር ላይ ነበር። እንግዳ የሚያዞሩ የሞተር ጀልባዎች ሐይቁን ሲያምሱት ዓሣው ወደ ማዶው የደንገል ሣር ሸሸ። ሌሎቹ አጥማጆች መረባቸውን ጥለው ከበሮ መቺ ሆኑ። አዝመራው ግን ዓሣውን ተከትሎ እስከ ማዶ መቅዘፍ ጀመረ። "ሩቅ ነው፣ ጉም ቢመጣብህስ?" ስለው "አንተ የለህም ወይ ጋሼ?" ይለኛል። ምን ልበለው? ልብስ አሰፍተውልኛል ልበለው?

ታላቁ የዝምታ በዓል ደረሰ። ሰው ከየአገሩ ጎረፈ፤ መተላለፊያ ጠፋ። ያን ዕለት ገለባው እንደ ወትሮው ነደደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከተራራው እውነተኛው ጉም ወረደ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚወርድ ዓይነት ወፍራም ጉም። እንግዳው በደስታ ጮኸ። ጽሕፈት ቤቱም ደስ አለው፤ የቀረው ገለባ ተረፈ። አዝመራው ግን ሌሊት ወጥቶ ማዶ ነበር።

ያንን ያሰፉልኝን የጥልፍ ካባ እንደለበስኩ ቀንዱን አነሳሁና ነፋሁ። አንድ ጊዜ እንኳን ሳልጨርስ ሦስት ዝምታ አስከባሪዎች ፊሽካቸውን ነፉብኝ። ጌጡ እየሮጠ መጣ።

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ገና 'አሥር ደቂቃ ቀርቶታል' አላልንም!"

"ወንድሜ ማዶ ነው! አጥፋው ያንን ነገር፣ አጥፋው!"

"አዝመራው? ዛሬ በበዓል ቀን?" ፊቱ ገረጣ። ማጉያውን አየ፤ መድረኩ ላይ የተቀመጡትን የበላይ አካል ሰዎች አየ። "ለአንድ ሰዓት ነው ጋሼ። ደግሞ የቀንዱ ቅጂ አሁን ይለቀቃል፤ ይሰማዋል፣ አይዞዎት" አለኝ። ቅጂው ተለቀቀ። የኔው ቀንድ፣ የኔው ትንፋሽ፣ ከአራት ወገን። ተራሮቹ እያንዳንዱን አራት አደረጉት። እኔ እንደገና ስነፋ ቀንዱን ከእጄ ወሰዱትና ቅርስ ነው ብለው መስታወት ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

በባዶ አፌ ተጣራሁ። "አዝመራው!" አልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ድረስ። ከኋላዬ የነበሩ እንግዶች "እሽሽ" አሉኝ።

አልመጣም። ያን ቀን አልመጣም፤ በማግሥቱም አልመጣም። ጉሙም አልተነሳም። ጽሕፈት ቤቱ ፍለጋ አወጣ፤ ስድስት የሞተር ጀልባ፣ እያንዳንዱ ማጉያ ያለው። እያጓሩ "አዝመራው ሆይ፣ ካለህ መልስ ስጥ" ይላሉ። ቢመልስ በምን ይሰሙታል? በሁለተኛው ቀን ማታ መቅዘፊያውን ውኃ ላይ ተንሳፍፎ አገኙት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማኅተም ያለው ወረቀት ለሚስቱ ለዘርትሁን ደረሳት፤ ባሏ ሞቷል፤ "የዝምታ ሰማዕት" ተብሏል፤ ሐውልት ይቆምለታል። ከወረቀቱ ጋር ጥቁር ልብስ ተልኮላታል። ዘርትሁን ልብሱን አጣጥፋ ተቀመጠችበት። "ሬሳውን ሳላይ አልለብሰውም፤ አዝመራውን አታውቁትም፣ አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው" አለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ በኔው ቀንድ ተጠርቶ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ መታሰቢያው ሆነ። ሐውልቱ ገና ስላልደረሰ መቆሚያው ብቻ ነበር። ቀንዱን ከመስታወት አውጥተው ሰጡኝ፤ "ይዘው ይቆማሉ እንጂ አይነፉም" ተባልኩ። ጌጡ ወረቀት አነበበ፤ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፣ ያን አልክድበትም። መጨረሻ ላይ "ለአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት" አለ። ለሞተ ሰው ክብር ሲባል ማጉያው ይጥፋ ተባለ። ጠፋ። ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሞተር ጀልባዎቹ ቆሙ። ከበሮ መቺዎቹ ከበሮአቸውን መሬት አኖሩ። በሕይወት ላለ ሰው ሲባል ማጉያውን ማጥፋት ግን እስከዚያ ቀን ማንም አላሰበውም።

ከስንት ዓመት በኋላ ሐይቁ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ትንሽ ማዕበል ድንጋይ ሲነካ። ወፍ። አስቤ አይደለም፤ እጄ ራሱ ነው ቀንዱን ወደ አፌ ያመጣው። አንድ ጊዜ ነፋሁ፣ በረጅሙ።

አንዱ ዝምታ አስከባሪ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዱሮ ዓሣ አጥማጅ የነበረ ልጅ ነው። አየኝ፤ ፊሽካውን አወረደ።

ከዚያ ከማዶ፣ በጣም ከሩቅ፣ መጨረሻዋን ሳብ ያደረጋት ድምፅ መጣች።

"አለሁ!"

ዘርትሁን ተነሳች። ሰው 'እውነት ሰማን ወይ?' በሚል እርስ በርሱ ሲተያይ ጌጡ ሰዓቱን አየ፤ ደቂቃው አልቋል። ልማድ ክፉ ነው፤ ማይኩን አነሳና "እናመሰግናለን፣ ቀጣዩ ፕሮግራማችን..." ማለት ሲጀምር ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ከበሮውም ተመታ። "ዝም በል! አንተ ልጅ፣ ዝም በል!" ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ?

እትዬ ትርንጎ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ የኃላፊው እናት ስለሆኑ ልዩ ወንበር ተሰጥቷቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ተነሱ። ደረጃውን በምርኩዝ ወጡ። ልጃቸው መድረክ ላይ ገና "የባህል ውዝዋዜ" ሲል ምርኩዙን ጣሉና መዳፋቸውን አፉ ላይ አደረጉ፤ በሕፃንነቱ እንደሚያደርጉት። ጌጡ ዓይኑ ፈጠጠ። እናቱ እጃቸውን አላነሱም። እሱም አልገፋቸውም።

ዳቦ ሻጯ አየችና መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ቀጥቃጩ። ቀጥሎ ከበሮ መቺዎቹ፤ እነሱም ጉም ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዱ ሮጦ ጄኔሬተሩን አጠፋው። እንግዳው ግራ ተጋብቶ እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ስንት ሺህ ሰው እንደነበር አላውቅም፤ ማዕበሏ ግን ትሰማ ነበር።

ነፋሁ። "አለሁ" አለ። ወደ ቀኝ ርቋል፤ ሁለት ጊዜ ነፋሁ። "አለሁ።" አንድ ጊዜ። "አለሁ።" ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። በመጨረሻ ታንኳው ከጉሙ ወጣ። የታንኳውን መቀመጫ ነቅሎ በሳንቃው ይቀዝፋል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ድምፁ እንደ ሽማግሌ ሆኗል። ዘርትሁን እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገባችና መጀመሪያ በጥፊ መታችው፤ ከዚያ አቀፈችው። "ከአራት ቦታ ጠራችሁኝ" አለኝ እኔን ሲያየኝ። "ወደ አንዱ ስሄድ ሌላው ይጠራኛል። መቅዘፊያዬ ደንገል ውስጥ አመለጠኝ። ሦስት ቀን ሙሉ 'አለሁ' ስል ነበር፤ ከበሮ ነው የሰማሁት። ምን ሆናችሁ ጋሼ?" አዘልኩት። አርባ ዓመት የሞላውን ሰው እስከ ቤቱ አዝዬ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ተረቱ ማለቅ ነበረበት። ጌጡ የእናቱን ጉልበት ስሞ አለቀሰ፤ ማጉያዎቹን እነቅላለሁ ብሎ ማለ። እኔም ጅል ነኝና አመንኩት። በሳምንቱ ግን ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣለት። በበዓሉ ላይ የቀረበው "የጠፋው መመለስ" የተሰኘው ትርዒት እንግዶችን እጅግ አስደስቷል፤ ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ያደረገበት ክፍል በተለይ ተደንቋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ይቅረብ ይላል። የእትዬ ትርንጎንም ሚና አመስግኗል። የወንድሜን የሞት ወረቀት በተመለከተ መዝገብ አንዴ ከተዘጋ እንደማይከፈት ይገልጻል። ሐውልቱ ይኸውላችሁ፣ እዚያ ጋ የቆመው ነው። ባለፈው ወንድሜ ጥላው ሥር ሲያርፍ አንድ እንግዳ "ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ሰማዕቱን ላንሳ" አለው። አዝመራውም ፈቀቅ አለለት።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን አዝመራው በየሳምንቱ ትርዒቱ ላይ የመጥፋቱን ሥራ መቀበሉ ነው። "አብደሃል? ሰው ለመጥፋት ይቀጠራል?" አልኩት።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ዓሣው የለም። ከበሮ አልችልም። በደንብ የማውቀው የቀረ ሥራ ቢኖር መጥፋት ነው።" ይስቃል ደግሞ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለኛ ከተማ ነው፤ ብብታችን ሥር የነበረውን ዝምታ ጥለን ስለ ዝምታ እንጮኻለን። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀንዱን ለማንም አልሰጥም፤ ስተኛም ከራስጌዬ ነው። ካባውን ግን ትቼዋለሁ።

እና ዛሬ የምታዩት እሱን ነው። አዝመራው ከማለዳ ጀምሮ ማዶ ነው፤ ደንገሉ ውስጥ ተደብቆ ሦስት ሰዓትን ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ጭሱ ይወፍራል፣ ከበሮው ይመታል፣ ቅጂው በአራት ወገን ይለቀቃል፤ ከዚያ እትዬ ትርንጎ ወጥተው የልጃቸውን አፍ ይይዛሉ፤ ወንድሜ "አለሁ" ይላል፤ ታጨበጭባላችሁ። ጭሱን አልፈራም። ጭስ ከዳር አሥር ክንድ አያልፍም፤ ማዶው ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ይታ...

ቆይ።

ማዶውን የሚያይ ሰው አለ ከእናንተ ውስጥ? ደንገሉን? ያ ተራራ የት ሄደ?

አሽትቱ እስቲ። ይሄ አይሸትም። ይሄ ገለባ አይደለም፤ ይሄ እርጥብ ነው፣ ፊቴ ላይ ተሰማኝ። ያ ከበሮ ተጀመረ! "ዝምታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል" ይላል ያ ደንቆሮ ማጉያ! ጌጡ መድረክ ላይ ሆኖ ያጨበጭባል፤ ጥሩ ጭስ መስሎታል። እትዬ ትርንጎ ግን ወደ ተራራው ዞረው ቆመዋል፤ እሳቸው ያውቁታል። ሰዓታቸው ሳይደርስ ወደ ልጃቸው እየሄዱ ነው፤ ምርኩዛቸውን ጥለውታል።

እኔ ጨርሻለሁ። የቀረ ነገር የለም፤ ይህን ደግሞ ግማሹን እንዳትጽፉት። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው። ቀንዴን ልነፋ ነው፤ እናንተ ማጨብጨቡን ተዉትና መዳፋችሁን አፋችሁ ላይ አድርጉልኝ።